የወይራ አፋፍ ባዶ ሙቀጫ

ወይራ አፋፍ በተባለው መንደር ከቀብር የተመለሰች ሐዘንተኛ ሴት ቤቷ ገብታ ከመቀመጧ በፊት ባዶ ሙቀጫ ፊት ትቆምና ዘነዘና ታነሣለች፤ ሌላ ሴትም ከፊቷ ትቆምላታለች። እንግዳ ሰው ጌሾ ነው በርበሬ ብሎ አጮልቆ ምንም ሲያጣ ይስቃል። ይሳቅ፤ ሰው ያልሞተበት ምን ያድርግ።

ልማዱ የመጣው፣ እንደሚነገረው፣ አንጓች ከምትባል ሴት ነው። ቢተው የሚባለውን ባሏን ጎርፍ ሲወስደው ጡት ያልተወ ሕፃን ታቅፋ ነበር። አልቃሽ ሙሾ ሲያወርድ፣ ጎረቤት ደረቱን ሲደቃ፣ እሷ እንደ ምሰሶ ተገትራ ቀረች ይባላል። እንባ የለ፣ ቃል የለ፤ ትንፋሿ እንኳ ከጉሮሮዋ ወዲያ አይወርድም። ሰውማ ሥራ አያጣም፤ «ድሮም አትወደውም ነበር» ብሎ ደመደመ። ጡቷም ከእንባዋ ጋር ደረቀ፤ ሕፃኑ የፍየል ወተቱን እየተፋ ከቀን ቀን ይመነምን ጀመር።

አማቷ እመት ደብሪቱ ልጃቸውን ቀብረው፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሲከሳ እያዩ፣ የተዝካሩ ጌሾ አለመወቀጡ ትዝ አላቸው።

«ተነሽ አንቺ! ማልቀሱ ቢያቅትሽ ዘነዘና ማንሣት አያቅትሽም።»

«እሜቴ፣ አቅም የለኝም።»

«እኔስ ከየት አመጣሁት? ልጅ የቀበርኩ እኔ ነኝ። ተነሽ አልኩሽ!»

በአንድ ሙቀጫ ለሁለት የወቀጠች ታውቀዋለች፤ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች፣ በጣለች ቁጥርም «እህ!» ብላ ካልተነፈሰች ክንዷ ይዝልና ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል። አንጓች እያጋጨች አሮጊቷን አስመረረቻቸው።

«ተንፍሺ እንጂ! ልትገድይኝ ነው?»

«እህ» አለች በግድ። ቆይታ ከደረቷ፣ ቆይታም ከወገቧ እየተጎነበሰች ከሆዷ። ጌሾው ደቀቀ፣ ተዝቆ ወጣ፣ ሙቀጫው ባዶውን ቀረ፤ እሷ ግን ዘነዘናውን አልጣለችም፤ አሮጊቷም ትክ ብለው አይተዋት ከፊቷ ዞር አላሉም።

በዚያ የሚያልፍ አንድ ጎረቤት ቆም ብሎ፣ «ሴቶች፣ አበዳችሁ እንዴ? ምንም እኮ የለበትም!» ቢል፣

«ሂድ ወደዚያ! የምንወቅጠውን እኛ እናውቃለን» አሉት አሮጊቷ።

ያኔ ነው አሉ፣ «እህ» የሚለው ድምፅ ተሰንጥቆ «ቢተው!» ሆኖ የወጣው። እየወቀጠች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ወቀጠች። የቀሚሷ ደረት ሲርስ ሁሉም እንባ መስሎት ነበር፤ እመት ደብሪቱ ግን ዳሰሱትና፣ «ልጁን አምጡ!» ብለው ጮኹ።

ሐዘኗ በዚያ አለቀ የሚል የለም። እስክታረጅ ድረስ አንዳንድ ጧት ሙቀጫው ዘንድ ትታይ ነበር ይባላል።

ዛሬ የቆመው ሙቀጫ ስንተኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የዚህኛውም ታቹ ተበስቷል፤ ዘነዘናው የሚመታው መሬቱን ነው። «ይቀየር እንጂ» የሚል ሲመጣ፣ ሴቶቹ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ምን ሊፈስብን?» ይሉታል።