ለቁም ሰው የተነፋው ጥሩንባ

ቢሻው ሲሞት ጥሩንባ አልተነፋለትም። መንደሩን ለቀብር ሲጠራ የኖረው እሱ ነበር። የሱ ቀን ሲደርስ እድሩ ዝም አለ።

ነገሩ የሆነው ዱሮ ነው ልጆቼ፤ በወንዙ ላይ ድልድይ ሳይኖር፣ ክረምት ማዶ ለማዶ ሲያስቀረን። ወይራ ምንጭ ያኔ ትንሽ መንደር ነበረች። እኔና እናቴ ድንጋይ ፈልጠን እንበላ ነበር። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። የምናገረው ስለ ቢሻው ነው።

ቢሻው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል። ልጅ አልተኛ ሲል «ቢሻው መጣ» ይሉት ነበር።

በዚያ ዓመት ሰው በቁሙ ይወድቅ ጀመር። ሲያርስ የዋለ ሰው ጠዋት አፉ ተጣሞ ይገኛል። «ምች ነው» ይባላል። «መጋኛ ነው» ይባላል። ከዚያ ቢሻው ይነፋል። አንድ ቀን የገዛ ሚስቱ ዘርትሁን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወደቀች። በቃሬዛ ወንዙን አሻግሮ ጤና ጣቢያ አደረሳት። አልተረፈችም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ድሬሰር ሙላት ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ቁስል አጣቢም፣ መርፌ ወጊም እሱ ነው።

«ደም ብዛት ነው» አለ ድሬሰሩ። «ቀደም ብላ ክንዷን ብትለካ መድኃኒት ነበረው።»

«ምንም አላመማትም እኮ!»

«አያምም። ክፋቱ እሱ ነው። ሰዉ ደግሞ ካላመመው ወደኔ አይመጣም።»

«እንግዲያው እኔ አመጣልዎታለሁ» አለ ቢሻው።

መጀመሪያ በየቤቱ ዞረ። ጥሩንባውን ትቶ ባዶ እጁን ዞረ። መርዶ ነጋሪ ግን ባዶ እጁንም ቢመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ሴቶቹ ገና ከአጥሩ ሲያዩት ደረታቸውን ያዙ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ድሬሰሩ ዘንድ ሄዳችሁ ተለኩ ልል ነው።»

«በቁማችን? ለሣጥን ነው ለጉድጓድ?»

አመድ በትነው አባረሩት።

ቀጥሎ እድሩ ፊት ቆመ። ዳኛው ባሻ ደምሰው ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሲናገሩ የሚሰማቸው እንጂ የሚመልስላቸው የሌለ።

«በስብሰባ ቀን ድንኳኑ ይተከል፤ ድሬሰሩ መጥቶ ይለካን» አለ ቢሻው።

«እድር ለሞት ነው እንጂ ለጤነኛ ነው እንዴ? ሰው ሳይሞት ድንኳን አይተከልም።»

«እንዳይሞት ብንተክለውስ፣ ባሻ?»

«ያን ጊዜ አንተ ምን ልትበላ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። የዘርትሁን አርባ ገና አልወጣም ነበር።

በመጨረሻ ጥሩንባውን አነሳ። በጠራራ ፀሐይ ወርካው ሥር ቆሞ ነፋ። የለቅሶውን አነፋፍ ነፋ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ባሻ ኩታቸውን ሳይደርቡ ወጡ። ወርካው ሥር ድሬሰሩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የክንድ መለኪያውን ጉልበቱ ላይ አኑሯል።

«ማን ሞተ?» አለ ሰዉ።

«ቀጣዩ ማን እንደሆነ አላውቅም» አለ ቢሻው። «እሱን እንድናውቅ ነው የጠራኋችሁ።»

ድንጋይ ተወረወረ። ግንባሩን ፈነከተው። ባሻ ጥሩንባውን ከእጁ ነጠቁት።

«ሟርተኛ! ከዛሬ ጀምሮ ከእድሩ ወጥተሃል። ስትሞት ጅብ ይቅበርህ!»

ድሬሰሩ ተነሣ። «ባሻ፣ እባክዎ ክንድዎን አንድ ጊዜ…»

«እኔ ምን ሆኛለሁና!» ብለው ሄዱ። ሰዉም ተከተላቸው።

ድሆቹ ብቻ ቀረን። እኛ ፊትም እድር አልነበረንም፤ ከምን ያስወጡናል? እናቴ ክንዷን ሰጠች። ከፍ ብሎ ተገኘ። ድሬሰሩ መድኃኒት ሰጣት፤ ጨው ቀንሺ አላት። «ከምን ላይ ልቀንስ?» ብላ ሳቀች። ቢሻው ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ቆሞ ያያት ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ባሻ ደምሰው የዳኝነት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አፋቸው ተጣመመ። በሳምንቱ ተቀበሩ። «ቢሻው አሟርቶባቸው ነው» ተባለ። ይህን እያለ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ በአንድ፣ ወንዙን ይሻገር ጀመር። ሲቆይ እድሩ ራሱ ድሬሰሩን ለስብሰባ ጠራው። ድንኳኑም ተተከለ። አሳቡ የአዲሱ ዳኛ ነው ተባለ። በየቤቱ የሚወድቀው ሰው ቀነሰ። ቢሻውን ግን የመለሰው የለም።

ከዓመታት በኋላ ቢሻው በሳንባ ምች ሞተ። ጥሩንባው ይነፋለት ብለን ለመንን። «ደንብ ነው፤ ለወጣ ሰው አይነፋም» አሉን።

ዛሬ በወይራ ምንጭ ከእድር ስብሰባ በፊት ጥሩንባ ይነፋል። «ማን ሞተ?» ይላል ሰዉ። «ማንም» ይላል ነፊው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ለመለካት ይሰለፋል። ጤነኛ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ያገኙት እንደሆነ «ምን ሆንክ?» ይሉታል። «ቢሻው ጠርቶኝ ነው» ይላል። ይህን ሲሉ ያሳቃቸዋል። እኔን አያስቀኝም።

የቢሻውን ሬሳ የተሸከምነው ድሬሰር ሙላትና ያን ቀን ወርካው ሥር የቀረን ሰዎች ነን። ድንኳን አልነበረም። ያለቀሰችው እናቴ ነበረች። ኋላ ድሬሰሩም ሞተ። እናቴም ዕድሜ ጠግባ ሞተች። ከቀባሪዎቹ የቀረሁት እኔ ነኝ።