ሃያ አንድ አንቀጽና የአህዮ ጀርባ

አንድ ጊዜ አንበሳ ትልቅ የቋንጣ ቤት ከፍቶ እንስሳትን ቀጥሮ ያሠራ ነበር። አህዮ ከቆላ ጨው ታመጣለች። እመት ቀበሮ ጸሐፊ ናት። አያ ጅቦ ደግሞ የቋንጣው ዘበኛ ነው። ጅብን ማን የሥጋ ዘበኛ እንዳደረገው አትጠይቁኝ፤ ስንት መሥሪያ ቤት አይቼ መልሱን ያገኘሁበት የለም። አንበሳን ስለሚፈራ ቋንጣውን አይነካም። በምትኩ አንድ መብት ተሰጥቶታል፤ መንገድ ላይ ወድቆ መነሳት ያቃተው ሠራተኛ የእሱ ድርሻ ነው።

አህዮ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢደክማት ጋደም አትልም። እንቅልፏንም ቆማ ነው የምትተኛው።

ከቤቱ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ ውሏቸውን በጥፍርም በሰኮናም እየጫሩ ይጽፉበታል፤ ከሥሩም የእግራቸውን ምልክት ያኖራሉ። ውሃ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ያነባል። ያላነበበውም አስተያየት ይሰጣል። አህዮ እዚያ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ጻፈች፦ «ጀርባዬ ቆስሏል። ከጆንያው የሚፈሰው ጨው ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን ልረፍ።»

ጎሽ በዚያ ሲያልፍ አነበበና አንበሳን አገኘው። «አያ አንበሳ፣ የአህያህ ጀርባ ተልጧል አሉ» አለው።

አንበሳ አፈረ። ያፈረው ግን በቁስሉ ሳይሆን በጽሑፉ ነው። እመት ቀበሮን ጠርቶ «የቤቴ ስም ድንጋይ ላይ በክፉ እንዳይነሳ አንድ ነገር አድርጊ» አላት። ጽሑፉንም አስጠፋው።

ቀበሮ ሁለት ቀን ተቀምጣ ሃያ አንድ አንቀጽ ያለው መመሪያ አወጣች። ሠራተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዲያዳምጥ ተደረገ።

«አንቀጽ ሦስት» አለች። «ድንጋዩ ላይ የሚጽፍ ሠራተኛ ሐሳቡ የግሉ መሆኑን ከላይ ይግለጽ። አንቀጽ አራት፣ ቢገልጽም የግሉ ነው ተብሎ አይታለፍም።»

«አልገባኝም» አለ አያ ጅቦ።

«አይግባህ፤ ዝም ብለህ ፈርም። አንቀጽ አሥራ አንድ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በእኔ ይታያል።»

አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አህዮ ቆማ አንቀላፋች። እኔም ብሆን አንቀላፋ ነበር።

በማግስቱ አህዮ ከቆላ ስትመለስ፣ ጨው እንደተጫነች፣ በቀበሮ ደጃፍ ላይ ቆመች። «ያንኑ ልጽፍ ነው» አለች።

«‹ቆስሏል› ይከብዳል» አለች ቀበሮ። «‹ትንሽ ተነክቷል› በይው። ‹ጨው› የሚለውም ይውጣ፤ የቤቱን ዕቃ ያሰድባል። ‹ልረፍ› የምትይውን ደግሞ ሌሎች ቢያነቡት እነሱንም ያምራቸዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።» ቀበሮ ጥቂት አሰበችና ራሷ ድንጋዩ ላይ ጻፈችላት፦ «ጀርባዬ ሥራውን ይወዳል።» ከዚያም «በይ፣ እግርሽን አኑሪ» አለቻት።

አህዮ ጽሑፉን አየችው። ልትከራከር ፈልጋ ነበር፤ አቅም አጣች። እግሯን አኑራ ሄደች።

አያ ጅቦ ይህን አይቶ ቀናና እሱም መጣ። «እኔም ልጻፍ?»

«ምን ብለህ?»

«ቤቱን ላመስግን ብዬ።»

ቀበሮ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበች፤ ደስ አላት፤ የቀረውን ሳታይ የይለፍ ምልክቷን አኖረች። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን ታላቅ ቤት ነው፤ ኮርቼበታለሁ። ቋንጣው እስከ ጣሪያ ሞልቷል። የምሥራቁ በር መዝጊያው ተሰብሯል፤ ግን እኔ አለሁ። ከምሳ በኋላ ብቻ ትንሽ እተኛለሁ።»

ተኩላዎች ውሃ ሊጠጡ መጥተው አነበቡት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ በምሥራቁ በር ገቡ። አያ ጅቦ የነቃው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አንበሳ ሠራተኛውን ሁሉ ይዞ ወደ ድንጋዩ ወረደ። የጅብን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ማን አሳለፈው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ቀበሮ። «ምስጋና ስለሆነ ነው። ምስጋናን የሚከለክል አንቀጽ የለንም።»

የአንበሳ ዓይን ከጎን ካለው ጽሑፍ ላይ አረፈ። «ጀርባዬ ሥራውን ይወዳል። ይህ ያንቺ ነው አህዮ?»

«እግሩ የእኔ ነው ጌታዬ። ቃሉ የእኔ አይደለም።»

አንበሳ ዞሮ ጀርባዋን አየ። ዝንብ ወሮታል። ጨው የደረቀበት ቁስል ከመዳፉ ይሰፋል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ሰባት ቀን ጻፍኩት። እርስዎ ያስጠፉት እሱ ነበር።»

አንበሳ በዚህ ጊዜ በእውነት አፈረ። ሃያ አንዱን አንቀጽ ሰርዞ ለሠራተኞቹ እንዲህ አላቸው፦ «የቤቱን በርና ጓዳ ድንጋይ ላይ አታውጡ። የምትጽፉት በራሳችሁ ቃል ይሁን። ቁስል ያለበት መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ካልሰማሁት ይጻፍ፣ ማንም አያጥፋበት። ለጊዜው ጨው የሚያመጣው ጅብ ነው። ቀበሮ ጆንያውን ትስፋ።»

አያ ጅቦ ጆንያው ጀርባው ላይ ሲወጣ መንገዱን አሻግሮ አየና «ጌታዬ» አለ፣ «እኔ ብወድቅስ የማን ድርሻ ነኝ?»

አንበሳ አሰበ። «ከዛሬ ጀምሮ የወደቀ የማንም ድርሻ አይደለም፤ ይነሳል» አለ። ከዚያ ወደ አህዮ ዞሮ «ነይ፣ የልብሽን ጻፊ። ማንም አያርምብሽም» አላት።

አህዮ ድንጋዩን አየችው። «ደክሞኛል ጌታዬ» አለች። «ሌላ ቀን እጽፋለሁ።» ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ሄደች፤ በቀን ብርሃን፣ በጅብ ፊት፣ እግሯን አጥፋ ጋደም አለች።

ከዚህ የምንማረው ሠራተኛ በአደባባይ ከመጻፉ በፊት የቤቱን በር ማሰብ እንዳለበት ሁሉ፣ አለቃም የሠራተኛውን አፍ ከመዝጋቱ በፊት ጀርባውን ማየት እንዳለበት ነው።