ያዮ፣ አሮጊቷ ግመልና የአበጋዙ ፈረሶች

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ልብ ያለው ልቡን ያምጣ። የዛሬዋ ተረቴ ከሩቅ አገር ተጭና የመጣች ናት፤ ቀስ ብዬ አራግፋታለሁ።

ድሮ ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ ደጋና ቆላ በአንድ ገደል ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ከገደሉ በላይ ያሉት ፈረስ ያረባሉ፤ ከገደሉ በታች ያሉት ግመል ያረባሉ። የላዮቹ የታችኞቹን «ፀሐይ ያከሰላቸው» ይሏቸዋል፤ የታችኞቹም የላዮቹን «ጉም የዋጣቸው» ይሏቸዋል። ከዚህ በቀር ጠብ አልነበራቸውም።

በቆላው ያዮ የሚባል ሰው ነበር። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ስለሞተች፣ አባቱ ከአንዲት ግመል ሥር እያስተኛ በወተቷ አሳደገው። ያዮ አድጎ የጎሳው አለቃ ሲሆን ግመሊቱ አርጅታ ነበር። እሱ ግን «እማ» ይላታል፤ ምክር ሲቸግረው የሚሄደውም ወደ እሷ ነው። ያን ጊዜ እንስሳት ይናገሩ ነበር፤ ሰውም ይሰማቸው ነበር። ታዲያ ይቺ ግመል ቶሎ አትመልስም። ታመነዥካለች፣ ታመነዥካለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትናገረው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የደጋው ምንጭ ሁሉ ደረቀ። በቆላው ግን አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነበር። የደጋው የጦር መሪ አበጋዝ ንዋይ ይህን ሰማና በፈረሱ ሆኖ ወረደ።

«ይህ ጉድጓድ ከዛሬ ጀምሮ የፈረሶቼ ነው» አለ።

«የእኛስ ግመሎች ምን ይጠጡ፣ አበጋዝ?» አለ ያዮ።

«ግመል ወር ሙሉ ሳይጠጣ ይከርማል ሲሉ እሰማለሁ። እንግዲህ ይቻለው!»

«ግመሉ ቢችለው ልጆቻችን አይችሉትም። ይቅዱና አብረን እንጠጣ።»

«ከግመል ጋር የሚጠጣ ፈረስ የለኝም። ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱን ልቀቅ፤ አለዚያ ጦርህን ይዘህ ጠብቀኝ» ብሎት ተመለሰ።

ያዮ ወደ አሮጊቷ ግመል ሄደ። «እማ፣ የእሱ ፈረሶች ሺህ ናቸው፤ የእኛ ጦረኛ መቶ አይሞላም። ምን ይሻለናል?»

ግመሊቱ አመነዠከች፣ አመነዠከች፣ ከዚያም «የአበጋዙን ፈረስ አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። ጆሮውን አቁሞ መሬቱን በኮቴው እየጫረ ይፎክር ነበር።»

«አልፎከረም፣ ልጄ። ፈርቶ ነው። የእኔ ሽታ ደርሶት ነበር። ግመል አሽትቶ የማያውቅ ፈረስ ሽታችን ሲመጣበት ልጓምም ጌታም አይዘውም። ስለዚህ እኛን ከፊት አሰልፈን። ነፋሱ ከኋላችን እስኪነሣ ድረስ ግን አንድ እርምጃ አትራመድ።»

በሦስተኛው ቀን አበጋዝ ንዋይ ፈረሰኞቹን ከጉድጓዱ ማዶ አሰለፈ። ያዮም ግመሎቹን አሰለፈ። ፈረሰኞቹ ሳቁ። «ይህን አንገተ ጠማማ ነው የምንወጋው?» ተባባሉ። ያዮ ዝም። ረፋዱ አለፈ፤ ያዮ ዝም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ያዮ ዝም። ከቀትር በኋላ የበረሃው ነፋስ ከኋላው ተነሣና ልብሱን ወደ ፊት አውለበለበው። ያን ጊዜ «በሉ!» አለ።

ግመሎቹ አልሮጡም። እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ተራመዱ። ሽታቸው ግን ቀድሟቸው ደረሰ። የመጀመሪያው ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ ሁለተኛው ዞረ፣ ከዚያ ሺሁም እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ወደ ገደሉ ሸሸ። ስንቱ ፈረስ ዳገቱን ሲወጣ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ ስንቱ ሰው እግሩ ተሰበረ። አበጋዝ ንዋይም ፈረሱ ጥሎት ስለጠፋ፣ ከወደቁት ፈረሶች ያነሣውን ኮርቻ ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።

ጉድጓዱ ተረፈ። ልጆቹም ጠጡ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ መልካም ነበር!

ድል ግን እንደ ጠጅ ነው፤ ለጠጪው ሲበዛ ሌላው ሰው ሁሉ ያንስበታል። ዘፋኙ ለያዮ ዘፈነ፤ ከበሮው ለያዮ ተመታ። ያዮም ለግመሎቹ በጨረቃ አምሳል የተሠራ የብር ጌጥ በአንገታቸው አንጠለጠለላቸው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ግመል ሄደ።

«እማ፣ ደጋውን ልወስደው ነው።»

ግመሊቱ አመነዠከች፣ አመነዠከች፣ ከዚያም «ለምን? ጉድጓዳችን በእጃችን ነው» አለች።

«እነሱስ ሊወስዱብን መጥተው የለ?»

«መጥተው ያገኙትንም አይተሃል። ልጄ፣ የእኔ እግር ለደረቅ መሬት የተሠራ ነው። ደጋው አሁን ዝናብ ጥሎበታል፤ መሬቱ ዋልካ ነው። ግመል እርጥብ ዋልካ ላይ ከወጣ እግሩ ግራና ቀኝ ይከፈትበታል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አይነሣም።»

«አርጅተሽ ነው። ፈርተሻል» አላት ያዮ።

ግመሊቱ አመነዠከች፣ አመነዠከች፣ ምንም ግን አልተናገረችም። ያዮም ጌጥ አንጠልጥሎ ከሰልፉ ፊት አቆማት። ሄደችለት። እናት አይደለች?

ሁለት ቀን ዳገቱን ወጡ። ድንጋዩ ላይ ደህና ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ከሜዳው ሲደርሱ ሰማዩ ወረደ። ምን ዓይነት ዝናብ! አሮጊቷ ግመል ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ በሦስተኛው የፊት እግሯ ወደ ግራ፣ የኋላ እግሯ ወደ ቀኝ ሄደና በሆዷ ወደቀች። ከኋላዋ ያሉትም እየተንሸራተቱ ተራ በተራ ወደቁ። ከበሮው ዝም አለ። የሚሰማው የግመሎቹ ጩኸት ብቻ ሆነ።

ያን ጊዜ አበጋዝ ንዋይ ፈረሰኞቹን ይዞ ከኮረብታው ላይ ብቅ አለ። በዚያ ጦርነት ጠፍቶ የቀረ አንድ የግመል ግልገል አግኝቶ፣ ከፈረሶቹ ጋር በአንድ በረት ሲያሳድረው ከርሞ ነበር። ስለዚህ ፈረሶቹ ሽታውን ለምደውታል፤ አንዱም አልደነገጠ። ወርዶ ጦሩን በያዮ ላይ ቀሰረ።

«ዛሬስ ነፋስህ የት አለ?»

ያዮ የአሮጊቷን ግመል ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የራሱን ጦር ወዲያ ጣለ። «ነፋስ የለኝም፣ አበጋዝ። እኔን ይውጉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቺን ግን ይተዉልኝ። እናት አላውቅም፤ በእሷ ወተት ነው ያደግኩት።»

አበጋዙ ጦሩን እንደቀሰረ ቆመ። በዚህ መካከል የአበጋዙ እናት፣ እመት ትጓደድ፣ የግመሎቹን ጩኸት ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው ከመንደር መጡ።

«ጦርህን አውርድ፣ ልጄ» አሉት።

«እናቴ፣ ፈረሶቼን ገደል የጨመራቸው እኮ ይህ ነው!»

«አውቃለሁ። አንተም ልጆቹን በጥም ልትጨርስበት ነበር፤ ያንንም አውቃለሁ። እስኪ ልጠይቅህ። ካህኑ ከቅዱሱ መጽሐፍ ሲያነቡልን፣ ለጌታው ልጅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው ያ ሎሌ ግመሎቹን ይዞ ከሩቅ አገር ወደ ውሃው ጉድጓድ ሲደርስ፣ ያቺ ልጅ ምን አደረገች?»

«አጠጣቻቸው» አለ አበጋዙ።

«ስንቱን?»

«አሥሩንም።»

«የማን ግመሎች ናቸው ብላ ጠይቃ ነው?»

አበጋዙ ዓይኑን ወደ ጦሩ ጫፍ መለሰ።

«አልጠየቀችም፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ስለ መልኳ ያወራል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እንስራዋ ነው። አሥር የተጠማ ግመል ለማርካት ስንት ጊዜ ወረደች? ስንት ጊዜ ወጣች? ወገቧን አላመማትም?»

«ያ እንግዳ ነበር። ይህ ጠላት ነው!»

«ያም ቢሆን ዘመድ የሆናት ውሃው ከተጠጣ በኋላ ነው» አሉት እመት ትጓደድ። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረው ተጣሩ። «ጭድ አምጡ! መጫኛ አምጡ! የቤቴንም የበር ሳንቃ ነቅላችሁ አምጡ!»

አበጋዙ እናቱን አየ። ጭቃው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አየ። ጦሩን መሬት ላይ ተከለና ልብሱን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ።

የአሮጊቷን ግመል እግሮች ሰብስበው በመጫኛ አሰሩ፤ ሳንቃውን ከሆዷ ሥር አስገቡ፤ ጭዱን ከፊቷ ነሰነሱ። ያዮና አበጋዙ አንድ ገመድ ለሁለት ይዘው ጎተቱ። የብር ጌጡ አንገቷን ሲያንቃት ያዮ በጩቤው በጠሰው፤ ጭቃው ዋጠው፤ ማንም አልፈለገውም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲጎትቱ ዋሉ። ሦስት ግመሎች ሞቱ። የቀሩት ወጡ። አሮጊቷም ወጣች፤ አንድ እግሯ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ሲያነክስ ኖረ።

ማምሻውን አበጋዙ እንደ ጭቃ ቤት ተለስኖ ከያዮ አጠገብ ተቀመጠ። «ያን ጊዜ አብረን እንጠጣ ስትለኝ እሺ ብልህ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር» አለው።

«እኔም ልጆቼ ሲጠጡ ብጠግብ ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?» አለ ያዮ።

ሁለቱም ተማማሉ። በበጋ ፈረሶቹ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ፤ ወረፋ ይዘው ከግመሎቹ ጋር ይጠጣሉ። ቆላው በራበው ጊዜ ደግሞ ከደጋው እህል ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን ፈረሶቹና ግመሎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱም ወገን ልቡን በእጁ ይዞ ነበር። ውሃው ግን አንድ ነውና ጠጡ።

ያዮ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጊቷን ግመል አልጋለባትም፤ ከጎኗ በእግሩ ሄደ። «እማ» አላት፣ «ፈርተሻል ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ግመሊቱ አመነዠከች፣ አመነዠከች፣ ከዚያም «ከበሮ ለሚመታለት ሰው ምክር አይሰማውም። ወድቀህ የምትሰማኝ ከሆነ፣ ስትወድቅ አጠገብህ ልገኝ ብዬ ነው የተከተልኩህ» አለችው።

ያዮ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። ሰው እንባውን እንዲያይበት አልፈለገም።

እኔ ተረቴን አራግፌያለሁ፤ እናንተ ደግሞ ጫኗትና ለልጆቻችሁ አድርሷት። ስታደርሷትም እንዲህ በሉ፦ አሸዋ ያነገሠውን ጭቃ ያወርደዋል፤ ጭቃ ያወረደውን ግን ሰው ያነሣዋል።