በነጻ የሚያገለግለው ከርከሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሚያዛጋ ይራቅ። "የላም በረት" ማለቱን ለሌላ ቀን አቆዩልኝና ዛሬ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳ ሁሉ በሚናገርበት፣ ዕቃም ሳይጠየቅ በሚመልስበት ዘመን፣ የአንድ ጫካ ግልገሎች የስካውት ቡድን ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ገመድ መቋጠር፣ ወንዝ መሻገር፣ የወደቀን ማንሳት ይማሩ ነበር። የሚመራቸው አያ ከርከሮ ነው። ደመወዝ የለው፣ ቀለብ የለው፤ በነጻ ያገለግላል። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል፤ ፊሽካውን የያዘ ደግሞ አለቃ ነው።

ከወላጆች መካከል ሦስቱ ኮሚቴ ነበሩ። እመት ጦጣ ምላሰኛ ናት። ጋሽ አህያ ሰው ማስቀየም አይወድም። እመት እስስት ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ከማን ጋር ብትቀመጥ የዚያን ቀለም ትይዛለች።

አንድ ቅዳሜ አያ ከርከሮ የግልገሎቹን ምሳ ሰበሰበ። "መርዝ እንዳይኖርበት ልቅመስላችሁ" አለ። ቀመሰ፣ ቀመሰ፣ ቀመሰ፤ ከረጢቱ ባዶ ሆነ። ግልገሎቹ ሆዳቸው እየጮኸ ቤታቸው ገቡ።

"ነውር ነው!" አለች እመት ጦጣ።

"ነውር ነው!" አለ ጋሽ አህያ።

"ነውር!" አለች እመት እስስት፣ በንዴት ቀልታ።

ሊወቅሱት ተያይዘው ሄዱ። ደጁ ሲደርሱ አያ ከርከሮ በረጅሙ ተነፈሰና "ውይ ደከመኝ! መቼም በነጻ ማገልገል..." አለ። ይሄኔ ይሉኝታ ያዛቸው።

"እንዴት... እንዴት ዋልክ ልንልህ ነው የመጣነው" አለች እመት ጦጣ።

"ልናመሰግንህም ጭምር" አለ ጋሽ አህያ።

ከቅል የተቀረጸ ሜዳሊያ አሠርተው ደረቱ ላይ ሰቀሉለት። እመት እስስትም እንደ ሜዳሊያው ቢጫ ሆነች።

"ኧረ ንገሩት!" አለ ፊሽካው ከአንገቱ ላይ።

"ዝም በል፣ አንተ ባለጌ! በነጻ የሚያገለግልን ማን ይናገራል?" አሉት።

በሁለተኛው ቅዳሜ አያ ከርከሮ "የዛሬው ትምህርት ጉድጓድ መቆፈር ነው" አለ። ግልገሎቹ ሲቆፍሩ ዋሉ፤ የእመት ጦጣ ልጅ ጥፍሩ ተሰበረ። ጉድጓዱ ሲያልቅ አያ ከርከሮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አልጋውን አስገባበት!

"አሁንስ በዛ!" ብለው ሦስቱም ሄዱ። አያ ከርከሮ ከአዲሱ ጉድጓድ ብቅ ብሎ "ውይ ደከመኝ! መቼም በነጻ ማገልገል..." አለ። ይሉኝታ ዳግመኛ ያዛቸው። ወቀሳውን ውጠው፣ በቅጠል ያጌጠ ኮፍያ ሸልመውት ተመለሱ። እመት እስስት እንደ ኮፍያው አረንጓዴ ሆነች።

"ሳይቃጠል በቅጠል ነበር" አለ ፊሽካው። እነሱ ግን ቅጠሉን ኮፍያው ላይ ሰክተውታል፤ ምን ይደረግ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ቡድኑ ወንዝ ተሻገረ። የእመት እስስት ልጅ እርጋታም አብራ ነበረች። እርጋታ ስትራመድ አንድ እግር ታነሳለች፣ ትወዛወዛለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ታስቀምጣለች። ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር አያ ከርከሮ ፈጣኖቹን አስከትሎ ከነፈ። ግልገሎቹ ቤት ሲደርሱ አንዷ ጎደለች። "እርጋታ ከወንዙ ማዶ ቀርታለች" አሉ።

ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ቀይ ሆኖ እየሞላ ነበር። እመት እስስት በጋሽ አህያ ጀርባ ላይ ወጣች፤ እመት ጦጣ ከኋላ ሮጠች፤ አያ ከርከሮ ጉድጓድ ደረሱ። አያ ከርከሮ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ፣ ኮፍያውን ራሱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል።

"ውይ ደከመኝ! መቼም በነጻ ማገልገል..."

"እንዴት... እንዴት ዋልክ" አለች እመት ጦጣ።

"ወንበር ቢሰጠው ምን ይመስላችኋል?" አለ ጋሽ አህያ።

ሁለቱም ቀለሟን ስትለውጥ ለማየት ወደ እመት እስስት ዞሩ። እመት እስስት ቀይ ናት። ጠበቋት። አሁንም ቀይ ናት።

"ልጄ የት አለች?" አለች።

"እንጃ፣ ቅጠል መስላኝ አልፌያት ይሆናል። እንግዲህ በነጻ እያገለገልኩ..."

"እኔም የምናገርህ በነጻ ነው!" አለች እመት እስስት። "የልጆቹን ምሳ በላህ፣ ዝም አልን። ጉድጓድህን አስቆፈርካቸው፣ ዝም አልን። እኔም አብሬ አጨበጨብኩልህ፤ አሁን ግን አፈርኩ። ልጄን ጥለሃት መጥተሃል!"

አያ ከርከሮ ተቆጥቶ ተነሳ። "እንግዲያው ለቅቄያለሁ! ፊሽካችሁን ውሰዱ!" ብሎ መሬት ላይ ወረወረው።

እመት ጦጣ "ኧረ አንተ ከሌለህማ..." ልትል አፏን ስትከፍት ጋሽ አህያ ጭራዋን ረገጣት። በዕድሜው ሰው ሲያስቀይም ያ የመጀመሪያው ነበር።

"ማን ያነሳኛል?" አለ ፊሽካው ከአቧራው ውስጥ።

"እኔ እንኳ ጭነት አለብኝ" አለ ጋሽ አህያ።

"እኔ የልጆች እናት ነኝ" አለች እመት ጦጣ።

"እዚህ ያለው ሁሉ ወላጅ ነው እኮ!" አለ ፊሽካው።

እመት እስስት እየተወዛወዘች ወረደችና ፊሽካውን አነሳች። ከራሷ ይበልጣል። ሁለቱ ወንዙ ዳር ወስደዋት ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ከማዶ ቀጭን ድምፅ "እዚህ ነኝ!" አለ።

ጋሽ አህያ አፍሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ውሃው ጉልበቱ፣ ሆዱ፣ ከዚያም አንገቱ ደረሰ። እርጋታን በጆሮዎቹ መካከል አስቀምጦ ተመለሰ።

እርጋታ እናቷን እንዳየች፣ "እማዬ፣ አለፍኩ?" አለች።

"ምኑን ልጄ?"

"ፈተናውን። አያ ከርከሮ 'እዚህ ቆሞ መጠበቅ ፈተና ነው፤ ያለቀሰ ወደቀ' ብለውኝ ሄዱ። እኔ ያለቀስኩት ትንሽ ብቻ ነው።"

ከኋላ ተከትሏቸው የመጣው አያ ከርከሮ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ጋሽ አህያ ውሃው ከጆሮው እየተንጠባጠበ፣ "አንቺስ አልፈሻል፤ የወደቅነው እኛ ነን" አላት።

ከዚያ ወዲህ ፊሽካው በአንድ አንገት ላይ ከአንድ ወር በላይ አይቆይም። ፊሽካውን የያዘውም ብቻውን ከልጆች ጋር አይሄድም። አያ ከርከሮ ሦስት ቅዳሜ ጉድጓዱ ውስጥ አኮረፈ፤ በአራተኛው አቀርቅሮ መጣ። "መቆፈር ታውቃለህና አስተምር፤ እኛም አጠገብህ እንቆማለን" አሉት።

ዳቦዬን ከመቁረሳችሁ በፊት ይህችን ያዙልኝ፦ በነጻ የሚያገለግላችሁን አመስግኑት፤ ሲያጠፋ ደግሞ ያኔውኑ ንገሩት። በይሉኝታ የተዋጠ ቃል ልጅን ከወንዝ ማዶ ያስቀራል።