የሳህን ጀርባ

አንድ ዕቃ የሚወድ ሰው ነበር። ስሙ ልሳኑ ይባላል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ሙዚየም የዕቃ ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሥራው ቀላል ነበር፤ አቧራ መጥረግ፣ የመስታወቱን ሳጥን መቆለፍ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ትንሽ ካርድ ማስቀመጥ። ካርዱ ላይ የዕቃው ስም፣ ዕድሜውና ከማን እንደተገኘ ይጻፋል። ልሳኑ ሙዚየሙን ተወ እንጂ እጁ ካርድ መጻፉን አልተወም።

ሚስቱ አስካለማርያም ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሳሎኑ ውስጥ እሷ ያሠራችው ትልቅ ቡፌ አለ፤ በሩ የእንጨት፣ የውስጥ ጀርባው ዳር እስከ ዳር ፊት ማያ መስታወት። በዚያ ቡፌ ውስጥ ሃያ ሦስት ዕቃ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ቆሟል። ዙሪያዋን የወይን ሐረግ የዞረባት ነጭ ሳህን። ከንፈሯ ወርቅማ የሆነ ጎድጓዳ። ሰማያዊ ዓሣ ያለባት ዝርግ ሳህን። ልሳኑ «ስብስቤ» ይላቸዋል። በየጠዋቱ አንደኛውን በር ገርበብ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል።

ስብስቡ እንዴት እንደተጀመረ ግን ለማንም አይናገርም።

የተጀመረው በለቅሶ ነው። አስካለማርያም የሞተች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ በየሳህኑ ምግብ ይዞ መጣ። እንግዳው ተሸኘ፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሳህኑ ቀረ። በዚህ አገር ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ነውር ነው። ትንሽ ነገር ጣል ይደረግበታል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ካልሆነም ሁለት ሎሚ። ልሳኑ ሳህኖቹን አጥቦ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና «በምን ልሙላቸው?» ብሎ አሰበ። መጋገር አይችልም። ሰው እጁን አቃጥሎ በሠራው ወጥ ምትክ የሱቅ ዳቦ መላክ አሳፈረው። ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። አሁን ደግሞ መዘግየቱ አሳፈረው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ሲጠብበው አንዷን ሳህን ቡፌው ውስጥ አቆማትና ራቅ ብሎ አያት። ታምራለች። ካርድ ጻፈላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ዕቃ መሆኑ ቀረና ስብስብ ሆነ።

ጎረቤቶቹም አልጠየቁትም። ሚስቱን የቀበረን ሰው ሳህን መጠየቅ ባዶ ሳህን ከመመለስ የባሰ ነውር ነው። ይልቅ ብቻውን ነው ብለው በየበዓሉ መላካቸውን ቀጠሉ። ሳህኗ ካማረች ልሳኑ ያስቀራታል። ጠርዟ የተሸረፈ ወይም ቀለሟ የለቀቀ ከሆነች ግን በማግስቱ ሁለት ብርቱካን ጣል አድርጎ ይመልሳታል። መልከ ጥፉዋ ሳህን በሁለት ብርቱካን ስትመለስ፣ ቆንጆዋ በምን እንደምትሞላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተገለጠለትም።

ሰው ውሎ አድሮ ሳህኑን ትቶ በፌስታል መላክ ጀመረ። ከዚያ ፌስታሉም ቀረ። ልሳኑ ለምን እንደሆነ አልገባውም። ዘመኑ ነው አለ።

አስካለማርያም የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበረች። ስትሞት ቦታዋን ለእሱ ሰጡት፤ ተራው ሲደርስ ግን «አንተ ብቻህን ነህ፣ ይቅርብህ» እያሉ ይዘሉታል። በዚህ ዓመት «አትዝለሉኝ» አላቸው። አፉ ያለው ይህን ብቻ ነው። ሆዱ የፈለገው ሰው ደጁን እንዲረግጥለት ነው። በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ ሰው ካሳለ ስንት ጊዜው!

ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ስብስቡ ይታይ ብሎ የቡፌውን የእንጨት በር በመስታወት ሊቀይር ወሰነ። ያ የታወቀ ሰው መሆን አማረው፤ ቤቱ ውስጥ ቆንጆ ነገር ያለው ሰው። ሳህን ከገበያ በደርዘን የሚገዛ ነገር ነው፣ ማን ይለየዋል ብሎም ራሱን አጽናና። መንገድ ዳር መስታወት የሚቆርጠውን አወልን አስጠራ።

አወል አርባ ዓመት የሞላው፣ ጣቱ በመስታወት ስለት የተሰነጣጠቀ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ቁራጮች ይዞ መጣ።

«ይኼ ጥርት ያለው ነው» አለ አንደኛውን እያነሣ። «ጋሼ፣ ይኼ ከተገጠመ በር ያለም አይመስል፤ ዝንብ ራሷ እየተጋጨች ትወድቃለች። ይኼ ደግሞ ጭጋግ የለበሰው ነው፤ የመታጠቢያ ቤት ነው እንጂ የሳሎን አይደለም። ጥቁሩን ከውጭ ሲያዩት የራስዎን ፊት ነው የሚያሳይዎ። ቆንጆ ለሆነ ሰው ይመከራል።»

«ጥርት ያለውን ግጠምልኝ» አለ ልሳኑ ሳያመነታ። «የተሰበሰበው እንዲታይ አይደል?»

አወል ማጠፊያውን ፈትቶ የእንጨቱን በሮች አወረደ። ቁመቱንና ወርዱን ለካ። ከዚያ ላቡን እየጠረገ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ሶፋ ላይ ተቀመጠ።

«ይምጡ፣ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ ጋሼ። እንግዳ የሚያየው ከዚህ ነው።»

ልሳኑ ሄዶ ተቀመጠ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስብስቡን ቁጭ ብሎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ደግሞም ሁለቱም በሮች ወርደው፣ የመስኮቱ ብርሃን ቡፌው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ ሳህኖቹን አየ። ቀጥሎ ከሳህኖቹ በስተኋላ ያለውን መስታወት አየ። በመስታወቱ ውስጥ የሳህኖቹ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚህ አገር ሴቶች ዕቃቸው ድግስ ቤትና ለቅሶ ቤት ሄዶ ከሌላው እንዳይደባለቅ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። ቀይ ነጥብ። ሰማያዊ መስቀል። ሦስት ሰረዝ። የስም መጀመሪያ ፊደል። ሳህን ከሳህን የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ልሳኑ ምልክቶቹን ያውቃቸዋል፤ ዕቃዎቹን ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ አድርጎ ያቆማቸውም ለዚህ ነው። የረሳው መስታወቱን ነበር።

አሁን ሃያ ሦስት ምልክት ከመስታወቱ ውስጥ ያየዋል።

«አወል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጭጋግ የለበሰው ይሻላል።»

«እንዴ! ቅድም የተሰበሰበው እንዲታይ ነው አላሉኝም?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ። ወይም… ፊቱን የሚያሳይ፣ ጀርባውን የማያሳይ ዓይነት የለህም?»

«ጋሼ፣ እኔ የምቆርጠው መስታወት ነው። እርስዎ የፈለጉት መጋረጃ ነው።»

አወል በጣቱ ወደ መሐለኛው መደርደሪያ ጠቆመ።

«ባለ ሁለት አረንጓዴ ነጥቧ የእናቴ ናት።»

«የዘምዘም?»

«አዎ፣ አላህ ይዘንላትና።»

«ልመልሳት እኮ ነበር፣ አወል። ባዶዋን እንዳልመልሳት ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ። እናቴም እንደዚያው ነበር የምትለው። በየዒዱ ሳህኗን ስትቆጥር አንድ ይጎድላታል። ‹አንዷ ለቅሶ ላይ ናት› ትላለች።» አወል ሳቅ አለ። «እኔ ዘጠኝ ዓመት ያለቀሰች ሳህን አይቼ አላውቅም።»

ተነሥቶ ከሳህኗ ሥር ያለችውን ካርድ አነበበ። «‹ነጭ ሳህን፣ ባለ ወይን ሐረግ።› ሙዚየም ውስጥ ዕቃው ከማን እንደመጣም ይጻፍ የለም እንዴ?»

«ይጻፋል።»

«ታዲያ?»

ልሳኑ ሳህኗን አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ዳቦ የለም። ፍሬ የለም። ያገኘው አንድ ጥቅል ስኳር ብቻ ነው። ቀዶ ሳህኗ ላይ ገለበጠውና ይዞ ወጣ። ጥቂቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

አወል ሳህኗን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እናቴ ብታይ፣ ‹ስኳር በዝርግ ሳህን!› ብላ ሰፈሩን በሳቅ ታፈርስ ነበር» አለ። ዓይኑን ግን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ዘጠኝ ዓመት የተፈለገው መሙያ ይህ ነበር።

«መስታወቱስ ጋሼ?»

«ጥርት ያለውን።»

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። የመስታወቱ በሮች ተገጥመው ያበራሉ፤ ቡፌው ግን ባዶ ነው። ልሳኑ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ለምኖ ዳቦውንና ወጡን አሠርቷል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ምግቡን በገዛ ሳህኑ አቀረበ። ማን በምን እንዳመጣ ለማስታወስ አልተቸገረም። አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ያወቀችው ዳቦዋን ጨርሳ ሳህኗን የገለበጠች አንዲት ሴት ናት። «እቴ! ይቺ የኔ ናት!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም እየገለበጡ ማየት ጀመሩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ጋሽ ልሳኑ፣ አሳድገህልኛል! ስሰጥህ እንዲህ ታበራ ነበር?»

«እኔ በፌስታል መላክ የጀመርኩት ወድጄ መሰለህ? ለሰው የምደግስበት ሳህን አልቆብኝ ነው!»

«ጡት አስጥለህ ነው የመለስክልን፣ ተመስገን በል!»

ልሳኑም አብሮ ሳቀ። አፍሮ ሳቀ፤ ግን ሳቀ። በቤቱ ውስጥ ሰው እያሳለ፣ ሰው እየተሟገተ፣ ሰው ጨው እየጠየቀ ነው። እንዲህ ቀላል ከነበረ ለምን ዘጠኝ ዓመት ፈራሁት ብሎ አሰበ።

ወይዘሮ በላይነሽ ግን አልሳቀችም። ሰማያዊ ዓሣ ያለባት ሳህን ፊቷ ተቀምጣለች። ምግቡን አልነካችውም። ዳቦውን በእጇ ገለል አድርጋ ሳህኗን ከሥር አየች። ሦስት ቀይ ሰረዝ።

«ይቺን ሳህን ብርቄ ናት ያመጣችልህ?» አለችው። ብርቄ በቤቷ ታገለግል የነበረች ሴት ናት።

«አዎ። በሠልስቱ ማግስት። ምስር ወጥ ነበረበት።»

«‹ለጋሽ ልሳኑ በእጁ ሰጥቼዋለሁ› ብላኝ ነበር። ሁለት ወር ጠበቅኩ። ከዚያ ‹ሸጠሻት ነው› አልኳት። በሚካኤል ስም ማለች። አላመንኳትም።»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ።

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለ ልሳኑ።

«አንተን? ሐዘንተኛን ሰው ሳህን ልጠይቅ? ነውር ሆነብኝ።» ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «እሷን ሌባ ማለት ግን ነውር አልሆነብኝም። ከነጓዟ አስወጣኋት።»

«አሁን የት ናት?»

«ምን አውቄ።»

ማኅበርተኛው ሲበተን እያንዳንዱ በሳህኑ ዳቦ ተቆርሶለት ሄደ። ወይዘሮ በላይነሽ ባዶ እጇን ተነሣች። ልሳኑ ሳህኗን ሞልቶ እስከ በር ተከተላት። «ዳቦ ብትሞላትም፣ ወርቅ ብትሞላትም ቤቴ አትገባም» አለችው።

የማኅበርተኞች ያልሆኑትን ሳህኖች በማግስቱ በየበሩ እያንኳኳ መለሰ። ከዚያ ብርቄን ሊፈልግ ወጣ። ሠራተኛ የሚያስቀጥሩትን ደላሎች ጠየቀ፤ ትሳለምበት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ጠየቀ። አገሯ ገባች ያለው አለ፤ ዐረብ አገር ሄደች ያለውም አለ። ብዙዎቹ ስሟን አላስታወሱም።

አሁን ቡፌው ውስጥ ያለችው አንዲት ሳህን ናት። ልሳኑ ዓሣውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደ ሰው አድርጎ አቁሟታል። ሦስቱ ቀይ ሰረዞች ከሶፋው ላይ ይነበባሉ። ካርዷም አዲስ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሳህን። ያደረሰችው ብርቄ። ያስቀረው ልሳኑ። የተባረረችው ብርቄ።»

አንድ ቀን አወል ሰላም ሊለው ጎራ ብሎ ካርዱን አነበበ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ ጭጋግ የለበሰው እስካሁን አለኝ። በነፃ እገጥምልዎታለሁ።»

«ተወው» አለ ልሳኑ። «የሚመጣው ሰው ሁሉ ለምን ተገልብጣ ቆመች ብሎ ይጠይቀኝ።»

ሰውም ይመጣል፤ ይጠይቃል። እሱም ከለቅሶው ጀምሮ ይነግረዋል።

ዕቃ ባዶውን አይመለስም የተባለው መሰጣጣት እንዳይቋረጥ ነበር፤ ዕቃው ጭራሽ እንዳይመለስ አልነበረም። ሐዘንተኛ አይጠየቅም የተባለውም ለርኅራኄ ነበር። ሰው ግን ከትንሿ ነውር ሲሸሽ ትልቋ ውስጥ ይገባል፤ ደጉን ልማድ ራሱን መሸሸጊያ ያደርገዋል። የምናከብረውን ሰው መጠየቅ ሲያሳፍረን ጥርጣሬያችን የትም አይጠፋም። ዝቅ ብሎ ይወርድና መልስ መስጠት በማይችለው ላይ ያርፋል።

እስኪ ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ ቡፌዎን ይክፈቱ፤ አንዷን ሳህን ያንሡና ገልብጠው ይዩ። ምልክቱ የማን ነው? ሳህኗ እርስዎ ዘንድ ቆማ ሳለች ሌባ የተባለውስ ማን ነው?