የውድነሽ በሬና ሦስቱ እንቢተኞች

በአንድ ወቅት፣ ጤፍ ደርሶ ሰማዩ ባልታመነበት ሰሞን፣ ውድነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ያላት አንድ የእርሻ በሬ ተሰረቀባት። የአገሩ ደንብ አውጫጭ ነው፤ ሌባው እስኪታወቅ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም ወደ ቤቱም ወደ ማሳውም አይሄድም። ዳኛው ጭቃ ሹም ንጋቱ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ ቢያምሉ፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ደመናው ይቆለላል፤ የእሳቸውም ጤፍ እዚያው ቆሟል። «ምን ዓይነት ጉድ ላይ ጣለኝ!» እያሉ ይንጎራደዳሉ።

በመጨረሻ ይርዳው የሚባል ገበሬ ተነሣ። «የሰረቅሁት እኔ ነኝ። በሬዬን ትውሰድና ሕዝቡ አዝመራውን ይሰብስብ።» የጭቃ ሹሙ ደም ፈላ። «አንተ ቀጣፊ! በሬው የጠፋ ዕለት ከእኔ ጋር ለቅሶ ቤት አልነበርክም?» ይርዳው ግን ሜዳው ዳር ይግጥ የነበረውን ብቸኛ በሬውን ጎትቶ ውድነሽ ፊት አሰረው። ያ በሬ ከሄደ የይርዳው ማሳ ጦም ያድራል።

ይህን ሲያይ ጎሹ የሚባል ሌላ ገበሬ አላስቻለውም። ዝም ቢል ነፃ ነበር፤ እሱ ግን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ተደፋ። «ቆላ ወስጄ በእህል የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እህሉም አልቋል። በሰው በሬ አልድንም። ይፈረድብኝና ሎሌዋ ልሁን።» ጎሹ ሎሌ ከገባ ልጆቹን የሚያበላ የለም።

ውድነሽ ደግሞ ብድግ ብላ የይርዳውን በሬ ፈታች፣ ድንጋዩንም ከጎሹ ጫንቃ አወረደች። «ምሬዋለሁ። በሬም ሎሌም አልፈልግም። እኔስ በማን ምሕረት ነው የቆምኩት?»

«ልጆችሽስ ምን ሊበሉ ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ። እሷ ግን የበሬውን ገመድ ለይርዳው መልሳ አስጨበጠችው።

«ተከፍሏል» ይላል ይርዳው። «በእኔ አልተከፈለም» ይላል ጎሹ። «ማን ክፈሉ አለ?» ትላለች ውድነሽ።

ጭቃ ሹሙ ራሳቸውን ያዙ። «እስካሁን የሚናገር አጥቼ፣ አሁን ዝም የሚል አጣሁ!» ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ኅሩይ ዞሩ። «አባቴ፣ እግዜር ቢሆን ይፈርዳል ወይስ ይምራል?»

«ሁለቱንም፣ ልጄ። ፍርዱ ሳይጓደል ይምራል።»

«እሱማ እግዜር ነው! እኔ ጭቃ ሹም ነኝ፤ የቱን ቤት ላስርብ ነው የምልዎ!»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጋቢያቸው ላይ አረፈች። ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ አፋቸውን ይጠብቃል።

እንግዲህ ፍረዱ። «እግዜር ያውቃል» ብላችሁ ለማምለጥ እንዳትሞክሩ፤ እሱን ጭቃ ሹሙም ሰምተው አልጠቀማቸውም። ሳይበድል ልክፈል ያለው፣ በድሎ ይፈረድብኝ ያለው፣ ተበድላ ምሬዋለሁ ያለችው፤ ከሦስቱ የማን ቃል ይጽና?