ከሰሙ ሥር

አንዲት ልጅ እናቷን፣ «እማዬ፣ ያ ሁሉ እድፍ የት ገባ?» ብላ ጠየቀቻት።

እናትየው ውድነሽ ሰም ስታነጥር ነው የዋለችው። የጠቆረውን አሮጌ የማር እንጀራ በጆንያ ቋጥራ በፈላ ውኃ ውስጥ በዱላ ስትጫነው ቆይታ፣ የወጣውን ሰም አጥልላ፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ድስቱን በጨርቅ ሸፍናው ነበር። አሁን ስትገልጠው ረግቶ፣ ከላይ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

«የትም አልሄደም ልጄ፤ ከሥሩ ተኝቷል» አለቻት።

የማር እንጀራው የጎረቤታቸው የአያ ጓንጉል ነው። ንቦቹ በአንድ ቀን ረግፈው አለቁበት። «የዚያች የሰፈራችን ሸክላ ሠሪ ሴት ዓይን ነው የበላቸው» አለ፤ ሰፈሩም አመነው። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋን ከምንጩ የሚያስቀዳት ጠፋ፤ ከአገር ትውጣ ተብሎም ተመከረባት። ንቦቹን የፈጀው ግን የውድነሽ ባል ደርሰህ፣ ያበበ ባቄላው ላይ በቀትር የረጨው መርዝ ነበር። ውድነሽ ይህን ታውቃለች።

ደርሰህ ገብቶ ሰሙን አየና፣ «አቤት ማማሩ! በይ ሥሩን ፋቂና ለአያ ጓንጉል ስጪው» አላት።

«ሴትየዋ እኮ ልትባረር ነው፤ እንንገረው።»

«ነግረነውስ? በሬያችንን በካሳ ነድቶ ይውሰድ? ለእሷ ብለሽ ልጅሽን ልታስርቢ ነው? ዝም በይ!»

ውድነሽ ድስቱን መልሳ ሸፈነችው። ሲመሽ አባታችን ሆይ ብላ ጀምራ፣ «በደላችንን» ላይ ስትደርስ አፏ ተያዘ።

በነጋታው ሰሙን ሳትፍቀው ይዛ ሄደችና አያ ጓንጉል ፊት ገልብጣ አኖረችው። ሥሩ እንደ ጭቃ ጠቁሯል።

«ምነው፣ ሳትፍቂው?»

«እንድታየው ብዬ ነው፣ አያ። ንቦችህን የገደለው የእኛ መርዝ ነው። ሴትየዋ የለችበትም።»

ሰውየው የጠቆረውን ሥር በጣቱ ነካ አደረገ። «ምነው ትናንት በነገርሽኝ» አለ። «ማታ ሸክላዋን ሰባብረውባት፣ ልጇን አዝላ ወጣች። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።»

ወገኖቼ፣ ሰም ከላይ አማረ ማለት እድፉ ጠፋ ማለት አይደለም። እኛ ዝም ያልነውን በደል ሌላ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ገልብጠን ለማሳየት ማን እስኪሰደድ ነው የምንጠብቀው?

ውድነሽ ያን ጠዋት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ያገኘችውን ሁሉ «ልጅ ያዘለች ሴት አላያችሁም?» እያለች መንገዱን ይዛ ወረደች።